የማን ድካም ነው?

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው ቶቤጎ ደሴት፣ ቡኩ በተባለች መንደር፣ እሁድ ማታ የጎዳና ጭፈራ ይደረጋል። በቀልድ ያወጡለት ስም «የእሁድ ትምህርት ቤት» ነው። ለእረፍት የመጣ እንግዳ የብረት ከበሮ ሲመታ ይሰማል፤ ይደሰታል፤ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል።

የሙዚቃውን ሸሪዓዊ ብይን ለዑለሞች እንተወውና አንድ ነገር እንጠይቅ፦ ሰው የተደሰተበት ነገር ከየት እንደመጣ የማወቅ ግዴታ አለበትን?

በአጎራባቿ ትሪኒዳድ ባርነት እ.ኤ.አ. በ1838 ካበቃ በኋላ፣ በ1880ዎቹ የእንግሊዝ ገዥዎች ከበሮ መምታትን በሕግ ገደቡ። ከባርነት የወጣው ሕዝብ ቀርከሃ መሬት ላይ እየደቃ ምቱን አቆየ። በ1930ዎቹ የተጣለ ቆርቆሮ፣ ኋላም የነዳጅ በርሜል እየቀጠቀጠ ዜማ አወጣበት።

እንግዲህ ለአንዱ የምሽት መዝናኛ የሆነው፣ ለሌላው የተከለከለ አንደበት ምላሽ ነው። አለማወቅ ነውር አይደለም። ለማወቅ አለመፈለግ ግን የሰውን ድካም ማቃለል ነው፤ የመግቢያ ዋጋ የከፈለ ሁሉ ዕዳውን አልጨረሰምና። ልጆቻችን በየትኛውም ደስታ ፊት «ይህ የማን ድካም ነው?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው።