ተስፋው በዘገየ ጊዜ ሃይማኖትን ስለ መጠበቅ

ሰው በእግዚአብሔር ሲያምን ከእምነቱ ጋራ ተስፋን፥ ከተስፋውም ጋራ ቀጠሮን ይይዛል። ሕመምተኛው እስከ ፍልሰታ እድናለሁ ይላል፤ ልጅዋ በስደት የጠፋባት እናት ለጥምቀት ድምፁን እሰማለሁ ትላለች፤ ገበሬው ዝናሙን በሰኔ ይጠብቃል፤ የታሰረውም የሚፈታበትን ቀን በጣቱ ይቈጥራል። እንዲህ ተስፋ ማድረግ ነውር አይደለም፤ እንድንለምን ያዘዘን ጌታ ራሱ ነውና። ነገር ግን ቀጠሮው ሲያልፍ፥ ጾሙ ተጹሞ፥ ስእለቱም ተስሎ የተጠበቀው ነገር ሳይመጣ ሲቀር፥ በልብ ውስጥ ጥያቄ ይነሣል። በእውነት ይሰማልን? ቢሰማስ ስለ ምን ዝም አለ? ይህ ጥያቄ የሚነሣው በምእመናን ልብ ብቻ አይደለም፤ ጽና ይዞ በመቅደስ የሚቆመውም ካህን ያውቀዋል። ልዩነቱ አንዱ የሚናገረው፥ ሌላው የሚደብቀው መሆኑ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ምን እናድርግ? ለዚህ የሚሆነንን ትምህርት ብዙ ጊዜ ከማናስባቸው ሰዎች፥ ይኸውም ከቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ደቀ መዛሙርት እንፈልግ። ወንጌላውያን ስለ እነርሱ የጻፉት ጥቂት ነው፤ የአብዛኞቹም ስም አልተነገረም። ዳሩ ግን ጥያቄ ወይም ኀዘን ይዘው ሲሄዱ አራት ጊዜ እናገኛቸዋለን። አራቱን ጉዞ በተራ የተመለከተ ሰው፥ ጥርጥር ወደ ክሕደት የሚወስድበትን መንገድና ወደ ሃይማኖት የሚመለስበትን መንገድ ለይቶ ያውቃል።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ መምህራቸው ነው። ዮሐንስ በሳሌም አቅራቢያ በሄኖን ሲያጠምቅ ሳለ ደቀ መዛሙርቱ መጥተው፥ በዮርዳኖስ ማዶ የመሰከረለት እርሱ ደግሞ እንደሚያጠምቅ፥ ሰውም ሁሉ ወደ እርሱ እንደሚሄድ ነገሩት (ዮሐ. 3፥22-30)። ነገሩ ወሬ ቢመስልም ውስጡ ቅሬታ ነው። መምህራችን ይከብራል፥ እኛም ከእርሱ ጋራ እንከብራለን ብለው ጠብቀው ነበር፤ አሁን ግን ሕዝቡ ወደ ሌላ ሄደ። ዮሐንስም ቅሬታቸውን አላባበለም። ራሱን የሙሽራው ሚዜ አድርጎ፥ የሚዜ ደስታው የሙሽራውን ድምፅ መስማት መሆኑን፥ እርሱ ሊያንስ ያኛውም ሊልቅ እንደሚገባ አስተማራቸው።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ጌታችን ወደ ኢየሱስ ክርስቶስ ነው፤ ነገር ግን ነቀፋ አለበት። እነርሱና ፈሪሳውያን ብዙ ሲጾሙ የእርሱ ደቀ መዛሙርት ስለ ምን እንደማይጾሙ ጠየቁት (ማቴ. 9፥14-15)። እኛ ደከምን፥ እነዚያ ግን ሳይደክሙ ቀረቡ የሚል ጥያቄ ነው። ዛሬም ከልጅነቱ ጀምሮ የጾመና ያስቀደሰ ሰው፥ ያልጾመው ጐረቤቱ ሲበለጽግ ባየ ጊዜ ይህን ይጠይቃል። ጌታችን እንዴት እንደ መለሰላቸው እናስተውል። ሙሽራው ከእነርሱ ጋራ ሳለ ሚዜዎቹ ሊያዝኑ እንደማይችሉ ነገራቸው። ሙሽራና ሚዜ ያለው በሄኖን ከገዛ መምህራቸው አፍ በሰሙት ምሳሌ ነው። ነቃፊዎች ሆነው ሲመጡ አላሳፈራቸውም፤ በሚያውቁት ቃል ወደ እውነት አቀረባቸው እንጂ።

ሦስተኛው ጉዞ ከወኅኒ ቤት ደጅ ይጀምራል። ሄሮድስ አንጢጳስ የወንድሙን ሚስት ሄሮድያዳን ማግባቱን ዮሐንስ ስለ ገሠጸው አሰረው። አይሁዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደሚለው የታሰረው ማኬሮስ በተባለ፥ ከጨው ባሕር በስተ ምሥራቅ ባለ ምሽግ ነው። ዮሐንስ በምድረ በዳ ሲሰብክ ምሳር በዛፎች ሥር እንደ ተቀመጠ፥ መንሹም በሚመጣው እጅ እንዳለ አስተምሮ ነበር (ማቴ. 3፥10-12)። ደቀ መዛሙርቱ ምሳሩ በማን ላይ እንዲወርድ እንደ ጠበቁ መገመት አያስቸግርም። ነገር ግን ሄሮድስ በዙፋኑ፥ ጻድቁ በሰንሰለቱ ሆኖ ቀኑ ይነጉዳል፤ የሚመጣው የተባለውም ከቀራጮች ጋራ በማዕድ ተቀምጧል የሚል ወሬ ይሰማል። በዚህ ጊዜ ዮሐንስ ሁለቱን ልኮ፥ የሚመጣው እርሱ እንደ ሆነ ወይስ ሌላ ሊጠብቁ እንደሚገባቸው አስጠየቀ (ማቴ. 11፥2-6፤ ሉቃ. 7፥18-23)።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም፥ የሀገራችን መተርጉማንም እንደሚያስተምሩት፥ መጥምቁ የላከው ራሱ ተጠራጥሮ አይደለም። በማኅፀን ሳለ የሰገደለትን፥ በዮርዳኖስ መንፈስ ቅዱስ ሲወርድበት ያየውን እንደምን ይጠራጠራል? የላከው ስለ ደቀ መዛሙርቱ ነው። ለእነርሱ ጥርጥር እርሱ ራሱ በቃል መልስ ሊሰጣቸው ይችል ነበር፤ በሄኖን ሰጥቷቸው ነበርና። አሁን ግን ሞቱ እንደ ቀረበ ዐውቆ፥ መምህር በሌለበት ቀን የሚሄዱበትን መንገድ በሕይወቱ ሳለ አስለመዳቸው። ጥያቄያቸውን አላፈነም፤ አድራሻውን ሰጠው እንጂ።

የመልሱን ነገር ደግሞ በጥንቃቄ እንይ። ቅዱስ ሉቃስ እንደ ጻፈው ጌታችን በዚያች ሰዓት ብዙ ሕሙማንን ፈወሰ፤ ከዚያም ያዩትንና የሰሙትን ለዮሐንስ እንዲነግሩት አዘዛቸው። ዕውሮች ማየታቸውን፥ አንካሶች መሄዳቸውን፥ ለምጻሞች መንጻታቸውን፥ ደንቆሮዎች መስማታቸውን፥ ሙታን መነሣታቸውን፥ ለድኆችም ወንጌል መሰበኩን ቈጠረላቸው። እነዚህ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 35 እና 61 ከተናገራቸው ጋራ የሚስማሙ ናቸው። ነገር ግን ኢሳይያስ በምዕራፍ 61 ለምርኮኞችና ለታሰሩት መፈታትን ደግሞ ተናግሯል፤ ጌታችንም በናዝሬት ምኵራብ ይህንኑ አንብቦ በዚያ ቀን መፈጸሙን አስታውቆ ነበር (ሉቃ. 4፥16-21)። በወኅኒ ላለው ሰው በላከው መልስ ግን የእስረኛ መፈታት አልተጠራም። ከሁሉ ይልቅ ሊሰሙት የሚወዱት ቃል ያ ነበር፤ እርሱ ብቻ ቀረ። በእርሱም ፈንታ በእኔ የማይሰናከል ብፁዕ ነው የሚል መደምደሚያ ሰሙ።

ይህ ብፅዕና ለማን የተነገረ ነው? ዕውር ሆኖ ላየው አይደለም፤ እርሱ በምን ይሰናከላል? የሌላው ዐይን ሲበራ እያየ የራሱ በር ላልተከፈተለት ነው። በጠበል ቦታ ጐረቤቱ ድኖ ሲዘምር የእርሱ ልጅ ለሞተበት አባት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ወንጌል፥ ነገሩ ምንም አይደለም አትለውም፤ የሚያሰናክል ነገር እንዳለ ጌታ ራሱ ስላወቀ ነው እንቅፋቱን በስሙ የጠራው።

ሌላም ነገር አለ። ጌታችን ዮሐንስን ከሴቶች ከተወለዱት ሁሉ የሚበልጥ የለም ብሎ ያመሰገነው መልእክተኞቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ሁለቱ በመንገድ ሳሉ፥ እስረኛውም በጨለማ ሳለ፥ በሕዝቡ ፊት የዮሐንስ ክብር ይነገር ነበር። ወደ ወኅኒው የደረሰው መልስ አጭር ነው፤ ስለ እስረኛው የተነገረው ምስጋና ግን ረጅም ነው። ከዚህ የምንማረው፥ እግዚአብሔር ለእኛ ዝም አለ ማለት ስለ እኛ ዝም አለ ማለት እንዳልሆነ ነው።

አራተኛው ጉዞ ከሁሉ ይከብዳል። በሄሮድስ የልደት ግብዣ የሄሮድያዳ ልጅ ዘፈነች፥ የመጥምቁም ራስ በወጭት መጣ። ደቀ መዛሙርቱ በድኑን ወስደው ቀበሩት፤ ከዚያም ሄደው ለኢየሱስ ነገሩት (ማቴ. 14፥12)። ይህች ቃል አጭር ናት፥ ነገር ግን ከባድ ናት። የጠበቁት ሁሉ ቀረ፤ ምሳሩ የወረደው በዛፉ ሥር ሳይሆን በመምህራቸው አንገት ሆነ። አሁን የሚልካቸው ማንም የለም። ወደ ቤታቸው ሊበተኑ፥ ወይም በምሬት ሌላ ሊፈልጉ ይችሉ ነበር። እነርሱ ግን በሦስተኛው ጉዞ የለመዱትን መንገድ በአራተኛው ሄዱበት። በዚህ ጊዜ ጥያቄ እንደ ጠየቁ አልተጻፈም፤ መልስ እንዳገኙም አልተጻፈም። ሄዱ፥ ነገሩትም። ጌታችንም ይህን በሰማ ጊዜ በታንኳ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ አለ።

ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ዋና ነገር ይህ ነው፤ ሃይማኖት የሚጠፋው ጥያቄ በመነሣቱ አይደለም፥ ጥያቄው ከክርስቶስ ርቆ በመሄዱ ነው። የአስቆሮቱ ይሁዳም ተጸጽቷል፥ ብሩንም መልሷል፤ ጭንቀቱን የወሰደው ግን ወደ ካህናት አለቆች ነበር፤ እነርሱም ጉዳዩ የራሱ እንጂ የእነርሱ እንዳልሆነ ነግረው አሰናበቱት (ማቴ. 27፥3-5)። ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ክዶ መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ ነገር ግን ከሐዋርያት ማኅበር አልወጣም፥ ጌታም አገኘው። ስለዚህ ልብህ የጠየቀውን በጸሎት ለእርሱ ንገረው። ጸሎት መጸለይ አቃተኝ የምትል ሆይ፥ ያቃተህን ይህንኑ ንገረው፤ እርሱም ጸሎት ነውና። ከቅዳሴው አትቅር፥ ከንስሓ አባትህም አትሸሽ።

እዚህ ላይ ለእኛ ለካህናት ቃል አለ። ምእመኑ ጥርጥሩን ይዞ ሲመጣ፥ የካህናት አለቆች ለይሁዳ እንደ መለሱት አንመልስለት። ኀዘንተኛውንም ይህ የደረሰብህ በኃጢአትህ ነው ብለን አንፍረድበት፤ የኢዮብ ወዳጆች እንዲህ ተናግረው እግዚአብሔር ተቈጥቷቸዋል (ኢዮ. 42፥7)። ደግሞም እግዚአብሔር ያልቈረጠውን ቀን ቈርጠን በዚህ ቀን ትድናለህ አንበል፤ መድኀኒትህን ጥለህ እመን አንበል። በእግዚአብሔር ስም የተሰጠ የሰው ቀጠሮ በታጠፈ ጊዜ የሚያፍረው ካህኑ ብቻ አይደለም፤ የምስኪኑ ሃይማኖት አብሮ ይወድቃል። የመጥምቁ ሥራ ለእኛ በቂ አርአያ ነው፤ ሕዝቡን በራሳችን ላይ አናስቀር፥ ወደ ሙሽራው እንላከው።

የተሰወረ ነገር ግን ሁሉ አይገለጥም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ላይ ሄሮድስ አግሪጳ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለ፤ ጴጥሮስን ግን መልአክ ከወኅኒ አወጣው። አንዲት ቤተ ክርስቲያን ናት፥ አንድ ንጉሥ ነው፥ ሁለቱም ሐዋርያት ናቸው። ለያዕቆብ ስለ ምን መልአክ አልተላከም? ቅዱስ ሉቃስ ምክንያቱን አልጻፈም፤ እኛም አንፈጥርለትም። በዘመናችንም ይህን አይተናል። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ልጆቻቸው መፈታታቸውን ቢመኙም በ1971 ዓ.ም. በግፍ ተገደሉ። አፅማቸው ወጥቶ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር ያረፈው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም። የዮሐንስ ደቀ መዛሙርት በድኑን ቀብረው ወደ ጌታ እንደ ሄዱ፥ ቤተ ክርስቲያንም ኀዘንዋን ይዛ ወደ መሠዊያው ትሄድ ነበር።

የእስረኛ መፈታትም ቢሆን ቀርቶ አልቀረም። ከሄሮድስ ወኅኒ የሚጠና ወኅኒ አለ፥ እርሱም ሲኦል ነው። ጌታችን በመስቀል ላይ ነፍሱን ከሰጠ በኋላ ወደዚያ ወርዶ የታሰሩትን ነፍሳት ፈታ። ለዮሐንስ በማኬሮስ ያልተከፈተው በር በዚያ ተከፈተለት። ተስፋው አልታጠፈም፤ ከጠበቁት ይልቅ ጥልቅ ነበር። ይህን ስንል ግን ላለቀሰ ሰው ዕንባውን በችኰላ ለመዝጋት አይደለም፤ ጌታም ፈቀቅ ያለበት ሰዓት ነበረውና።

በሀገራችን ዓመቱን የምንጀምረው በዮሐንስ ስም ነው። መስከረም 1 ቀን እንቍጣጣሽ ብለን፥ አበባ ይዘን፥ በአዲሱ ዓመት የምንሻውን ሁሉ ከእግዚአብሔር እንለምናለን። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የመጥምቁን ሰማዕትነት ታስባለች። ምኞታችንን በተናገርን ማግሥት፥ ከወኅኒ ሳይወጣ ያለፈውን ጻድቅ እናስባለን። ይህን ያስተዋለ ክርስቲያን ልመናውን አይተውም፤ ነገር ግን ልመናው ባይፈጸም ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል።

በወኅኒ ያለውን የሚያስብ፥ የሚያዝኑትንም ወደ እርሱ ሲመጡ የማይመልስ አምላካችን፥ የደከመውን ልባችንን ያጽና፤ በእርሱም ሳንሰናከል እስከ ፍጻሜ ያድርሰን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፥ ዛሬም ዘወትርም፥ ለዘለዓለሙ፤ አሜን።