የማን ገንዘብ ነው?

ልጆቼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ባንክ ቤት ብድር ክፍል ስሠራ ከአፌ የማትጠፋ አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ «ካርታ አለህ?» ካርታ ያለው ይቀመጣል፤ የሌለው አመስግኖ ይወጣል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ ከፍቶ የጅምላ ሻጮችን ዕቃና ዱቤ የሚመዘግብ ፕሮግራም አሳየኝ። ግማሽ ሰዓት አዳመጥሁት፤ ደስም አለኝ። ሲጨርስ ግን ያችኑ ጥያቄዬን ጠየቅሁት። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቤት ቢኖረኝ ሸጬ እሠራበት ነበር እንጂ እርስዎ ጋ ምን አመጣኝ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደ እሱ ያሉ ልጆች ሲመጡ ቡና እየጠጣን የምነግራቸው ሁሉ ያን ቀን ልመልስለት ይገባኝ የነበረው ነው።

በመጀመሪያ ባንኩን አትርገሙት። የሚያበድረው የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው። ለአሥር ልጆች አበድሮ ዘጠኙ ቢከስሩና አሥረኛው ሀብታም ቢሆን፣ ከአሥረኛው የሚያገኘው ያችኑ የተዋዋለባትን ወለድ ነው፤ የዘጠኙን ኪሳራ በእሷ አይሸፍንም። ስታርትአፕ ደግሞ ጠባዩ እንደዚያ ነው፤ አብዛኛው ይሞታል፣ ጥቂቱ ያብባል። በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ላይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 በሩን ገርበብ አድርጎታል፤ ማሽን፣ ተሽከርካሪ፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ ሳይቀር በዋስትና ሊያዝ ይችላል። ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሒሳብ የሚኖረው ግን ደንበኛ ያለው ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር ገንዘብ ጠባይ እንዳለው ነው፤ ጠባዩን የሚያወርሰውም የሰጠው ሰው ነው። አንድ ልጅ «ገንዘብ አገኘሁ» ብሎ እየሮጠ ሲመጣ «ስንት?» ከማለቴ በፊት «የማን?» የምለው ለዚህ ነው።

ጠባየ መልካሙ የደንበኛ ገንዘብ ነው። ድርሻ አይጠይቅም፣ ወለድ አይቆጥርም፣ ስብሰባ አይጠራም። ፋርማሲስት የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች። የመጠቀሚያ ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡ መድኃኒቶችን ለመድኃኒት ቤቶች የሚያስታውስ አፕ ልታሠራ አስባ 800 ሺህ ብር ተጠየቀች፤ ያን ብር ፍለጋ ነው እኔ ዘንድ የመጣችው። «ይኼ አፕ የሚሠራውን ሥራ በእጅሽ ብትሠሪው ምን ይመስላል?» አልኋት። ቅር ብሏት ሄደች። በሳምንቱ ግን ስድስት መድኃኒት ቤቶችን አነጋግራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መደርደሪያቸውን እየቆጠረች፣ ኤክሴል ላይ እየመዘገበች፣ ቀኑ የቀረበውን በቴክስት ታሳውቃቸው ጀመር። ከእያንዳንዳቸው በወር 600 ብር። ሦስት ወር ሲሞላ አራቱ መክፈላቸውን ቀጠሉ፣ ሁለቱ ተዉ። የተዉትን ሄዳ ብትጠይቃቸው «ጊዜው የሚያልፍብን ጥቂት ነው፤ እኛን የገደለን የሌለው መድኃኒት የትኛው ጅምላ አከፋፋይ ጋ እንዳለ አለማወቅ ነው» አሏት። የቀሩትንም ጠየቀች፤ እነሱም ያንኑ አሉ። አስቡት፤ 800 ሺህ ብሩ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ማንም አጥብቆ የማይፈልገው አፕ በሚያምር ቀለም ተሠርቶ ይቀመጥ ነበር።

የራይድ መሥራች ሳምራዊት ፍቅሩም ችግሩን ከመጽሐፍ አላነበበችውም፤ አምሽታ ከሥራ ስትወጣ የታክሲ ፍለጋውና የዋጋ ክርክሩ የራሷ ነበር። ደግሞም አገሩ ሁሉ ስማርት ስልክ እስኪይዝ አልተጠበቀም፤ 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ ይቻላል። ይኼን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሳምንታት ሲቆይ፣ በተራ የስልክ ጥሪ ደንበኛውን ማግኘት የሚችልና የማይችል ድርጅት ተለይቶ ታይቷል። ክፍያ መሰብሰብ እንኳ ዛሬ ቀልሏል፤ ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጀመሩ በፊት በየሱቁ እየዞሩ ጥሬ ብር የሚለቅሙ ልጆች አውቃለሁ፤ ገቢያቸውን ጫማ በላው።

ስለ እቁብ ላንሳ። «የራሴ ገንዘብ ነው» እያላችሁ ስታወሩ እሰማለሁ። አይደለም። እቁብ መጨረሻ ለደረሰው ቁጠባ ነው፤ መጀመሪያ ለደረሰው ግን ወለድ የሌለው ብድር ነው። ዕጣው ወጥቶላችሁ ብሩን ሰርቨርና ወንበር ላይ ካዋላችሁት በኋላም ወርኃዊው መዋጮ አይቆምም፤ ሲቆም የሚጠየቀው ዋሳችሁ ነው፤ ዋሳችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ አክስታችሁ ናት። በየወሩ ገቢ የሚያመጣ ነገር ከሌላችሁ በእቁብ ብር አትጀምሩ።

የዘመድም ገንዘብ እንዲሁ ነው። ከዋሽንግተን አጎት 5 ሺህ ዶላር ይልካል። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ድርሻ ነው? ማንም አይጠይቅም፤ መጠየቅ ያሳፍራላ! ሥራው ከከሰረ ስጦታ ይሆናል፤ ከቀና ግን «እኔ ያቆምሁት ድርጅት» ይሆናል። በዚያው በላከበት ቀን ሦስት መስመር ጻፉና አስፈርሙት። ድርሻ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ሕጉን እወቁ። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ዜጋን በአብዛኛው ዘርፍ ለብቻው ከሆነ 200 ሺህ፣ ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ከሆነ 150 ሺህ ዶላር ዝቅተኛ ካፒታል ይጠይቀዋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ሊስተናገድ ይችላል። ስለዚህ የአጎታችሁ ቢጫ ካርድ፣ ያ የትውልደ ኢትዮጵያዊነቱ መታወቂያ፣ ቀላል ወረቀት አይደለም።

የውድድር ሽልማት? ተቀበሉት፣ አመስግኑ፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ከመድረክ መድረክ እየዞሩ ያንኑ አሥር ስላይድ የሚያቀርቡ ልጆች አያለሁ፤ ያ የካርቶን ቼክ ለፎቶ ያምራል እንጂ ደንበኛ አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ለሁለት ጓደኛማቾች 300 ሺህ ብር ሰጠሁ። አብረው የተማሩ፣ አንድ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች ናቸው። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው ድርሻውን እኩል፣ ሃምሳ ሃምሳ ተካፍለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ውል ሳገላብጥ የኖርሁት ሰውዬ «አንዳችሁ ብትለቁስ?» ብዬ አልጠየቅሁም። እንደ ወንድማማች ናቸው፤ መሐላቸው ወረቀት ማስገባት ነውር መሰለኝ። በአንድ ዓመት ከአራት ወር አንደኛው ካናዳ ገባ። መጥፎ ልጅ አልነበረም፤ ዕድል መጣለት፣ ሄደ። ሌላኛው ብቻውን ሁለት ዓመት ለፍቶ ሥራውን አቆመው። ከናይሮቢ ኢንቨስተር መጣ፤ ሥራው ተወደደ፤ ከዚያ የኢንቨስተሩ ጠበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፤ «ግማሹ የማን ነው?» ግማሹ ቶሮንቶ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን ሰው ነው። ያለ እሱ ፊርማ ካፒታል አይጨመርም። ከኤምባሲ ውክልና ይላክ ተባለ። ልጁም በተራው «ድርሻዬ አሁን ስንት ያወጣል?» አለ፤ ሊፈረድበትም አይገባም፤ ወረቀቱ ግማሹ የአንተ ነው ይላላ። ኢንቨስተሩ አራት ወር ታግሶ ሄደ። የመጨረሻው የሠራተኛ ደመወዝ የተከፈለው ኮምፒውተር ተሸጦ ነው። የእኔ 300 ሺህ የት እንደገባ አትጠይቁኝ።

መድኃኒቱ ከባድ አልነበረም። በሌላው ዓለም የተለመደው እንዲህ ነው። የመሥራች ድርሻ በአራት ዓመት ውስጥ በሥራ ይገኛል፤ አንድ ዓመት ሳይሞላው የሄደ ምንም አይዝም፤ ከዚያ በኋላ የለቀቀ የሠራበትን ይዞ የቀረውን በመነሻ ዋጋው ለድርጅቱ ይመልሳል። በዚህ ሒሳብ የካናዳው ልጅ ከሃምሳው 16 ወይም 17 ይዞ ይሄድ ነበር። ይኼን በጠበቃ አስጽፋችሁ፣ ስትዋደዱ፣ ገና ሳቅ እያላችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙት። «ለስም» ብላችሁም እህታችሁን ባለድርሻ አታድርጉ። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ለማኅበር ቢያንስ ሁለት ሰው ስለሚያስፈልግ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል።

ኢንቨስተር ሲመጣ ደግሞ እርሳስ ያዙ። ሁለት ሆናችሁ 50 ለ50 ናችሁ እንበል። መጀመሪያ የመጣው 10 በመቶ ሲወስድ እናንተ 45፣ 45 ትሆናላችሁ። ሁለተኛው 20 በመቶ ሲወስድ 36፣ 36። ይኼ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ዳቦው ካደገ ቁራሹም ያድጋል። ልጆች የማያነቡት ከመቶኛው በታች ያለውን መስመር ነው። ኢንቨስተሩ ድርጅቱ ሲሸጥ ያስገባውን በቅድሚያ የመውሰድ መብት ይጽፋል። 500 ሺህ ዶላር አስገብቶ ድርጅቱ በ600 ሺህ ቢሸጥ እሱ 500 ሺውን ያነሣል፤ ለእናንተ፣ ለመጀመሪያው ኢንቨስተርና ለሠራተኞቻችሁ የሚቀረው 100 ሺህ ነው። ጋዜጣ ላይ «የሁለት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ኩባንያ» ተብላችሁ በነበረበት ዓመት ማለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሴፍ የሚሉት ውልም አለ፤ የአሜሪካው ዋይ ኮምቢኔተር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ነው። ብድር አይደለም፣ ወለድም የመክፈያ ቀንም የለውም፤ በሚቀጥለው የድርሻ ሽያጭ ወደ ድርሻ ይለወጣል። አጭርና ቀላል በመሆኑ ልጆች እንደ ማስቲካ ይፈርሙታል። ዛሬ ምንም የቀነሰባችሁ አይመስልም፤ አምስት ስድስት ሴፍ በአንድ ቀን ወደ ድርሻ ሲለወጥ ግን የራሳችሁን ድርጅት ፈልጋችሁ ታጣላችሁ። እያንዳንዱን ስትፈርሙ ነገ ስንት እንደሚሆን ወረቀት ላይ አስቀምጡት።

የውጭ ኢንቨስተሮች ብዙ ጊዜ «ደላዌር ተመዝገቡ» ይላሉ። የዚያን የአሜሪካ ግዛት ሕግ ስለሚያውቁት ነው፤ ምክንያት አላቸው። ግን ገንዘቡ ሳይመጣ በጉጉት አትመዝገቡ። አንድ ልጅ 10 ሚሊዮን አክሲዮን ያለው ኩባንያ እዚያ አስመዝግቦ ረሳው። የዓመቱ ግብር እስከ ማርች 1 ይከፈላል፤ የመጣለት ሒሳብ 85,165 ዶላር ይላል። ልጁ ከእነ ስልኩ ሊወድቅ ነው የመጣው። ያ ቁጥር በአክሲዮን ብዛት የተሰላ ነው፤ በሌላው በተፈቀደው ስሌት ሲሠራ 400 ዶላር ሆነ። ባለሙያ ባያገኝ ኖሮ ምን ይውጠው ነበር?

ዶላርን ካነሣን አይቀር፣ ወጪው በዶላር ገቢው በብር የሆነ ሥራ ለብቻው ይታሰብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጡ ሲመጣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሰርቨር ኪራዩን በዶላር የሚከፍል፣ ደንበኛውን ደግሞ በዓመታዊ ውል በብር ያሰረ ወዳጄ ዓመቱን በሙሉ እየከሰረ አገለገለ። ዋጋ የሚከለስበትን አንቀጽ ውሉ ውስጥ አላስገባም ነበር።

አንዲት ስሌት ልጨምር። ሒሳባችሁ ላይ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ካለና በወር ከገቢ በላይ 150 ሺህ የምታወጡ ከሆነ ስምንት ወር ነው ያላችሁ። ኢንቨስተር ማግባባት በትንሹ ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ካዝናው ሲጎድል ሳይሆን ገና ሞልቶ ሳለ ነው። የጨነቀው ሰው የሚፈርመውን ውል እኔ ባንክ ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ያኔ ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል ነበርሁ እንጂ።

ያቺ ፋርማሲስት ባለፈው ጥቅምት መጣች። አሁን አርባ ሦስት መድኃኒት ቤቶች ይከፍሏታል፤ ሁለት ልጆች ቀጥራለች፤ ፕሮግራሙንም ያሠራችው ከመድኃኒት ቤቶቹ በሰበሰበችው ነው። በዚህ ጊዜ እኔው ራሴ ተንሰፈሰፍሁ፤ ትንሽ ጥሪት አለኝ፣ ላስገባ አልኋት። አመሰገነችኝና ሳቀች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ብር ይቆይልኝ። የቸገረኝ ጅምላ አከፋፋዮቹ ምን ዕቃ እንዳላቸው ማየት ነው። ከእነሱ ጋር የሠራ፣ መዝገባቸውን የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ?»

አውቅ ነበር። ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ የከፈተው ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ስሙን አስታውሳለሁ፤ ስልኩን ግን ያን ቀን አልተቀበልሁትም።