ከዓምዶቹ ሥር ምን እንሠራለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ ፍጥረት ያለ ድምፅ የምትሰብክ መምህርት እንደ ሆነች አባቶቻችን ሲያስተምሩን ኖረዋል። ይሁን እንጂ መምህሩ ጥሩ ስለ ሆነ ብቻ ተማሪ ሁሉ አይማርም። ኢየሩሳሌምን ተሳልመን ወደ ደቡብ በወረድን ጊዜ ይህን በቲምና በረሃ በግልጽ ስላየነው፣ ለእናንተ ልናካፍላችሁ ወደድን።

ቲምና በእስራኤል አገር፣ በዓረባ ሸለቆ፣ ከኤላት ከተማ በስተሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ የበረሃ ፓርክ ነው። በዚያው በቀይ ባሕር ዳር ነበረች የምትባለው ዔጽዮንጋብር፣ እስራኤል በምድረ በዳ ጉዟቸው ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዷ መሆኗ በኦሪት ዘኁልቁ ተጽፏል። የአካባቢው የዓመት ዝናም ከ50 ሚሊ ሜትር በታች ስለ ሆነ ከጥቂት ግራር በቀር ጥላ የሚሰጥ ዛፍ እምብዛም አይታይም።

በዚህ በረሃ ውስጥ «የሰሎሞን ዓምዶች» የሚባሉ፣ 50 ሜትር ያህል ከፍታ ያላቸው ቀያይ ዓለቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ስማቸው የሰሎሞን ይሁን እንጂ ያቆማቸው ሰሎሞን አይደለም። የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። እያንዳንዷ ቅንጣት አሸዋ ብቻዋን ሳለች ነፋስ ወደ ወደደው የሚወስዳት ነበረች። አሸዋው ተደራርቦ ከተጫነ በኋላ ግን በውኃ ሟሙተው የመጡ ማዕድናት በቅንጣቶቹ መካከል እየረጉ እንደ ሲሚንቶ አያያዟቸው፤ ዓለትም ሆኑ። ቅላታቸው ከብረት ዝገት የመጣ ነው። ከዚያም ዓለቱ በተሰነጠቀበት በኩል ዝናምና ጎርፍ እየገባ ስንጥቁን ሲያሰፋው፣ በመካከል የቀረው ዓምድ ሆኖ ታየ። ራቅ ብሎም «እንጉዳይ» የሚሉት፣ ራሱ ሰፊ አንገቱ ቀጭን የሆነ ዓለት አለ፤ እንዲህ የሆነው ታችኛው ክፍሉ ከላይኛው ይልቅ ቶሎ ስለ ተበላ ነው።

እንግዲህ ይህን ድንቅ ሥራ ያዩ ሰዎች ከሥሩ ምን ሠሩ?

አስቀድሞ መዳብ ፈላጊዎች መጡ። ምድሩን ቆፍረው፣ ድንጋዩን በእሳት አቅልጠው መዳቡን ወሰዱ፤ ጥቁሩ ዝቃጭ እስከ ዛሬ ተበትኖ ይታያል። ኔልሰን ግሉክ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሥራው የንጉሥ ሰሎሞን ነው ብለው ነበርና ስሙ በዚያው ገነነ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰሎሞን በዚህ ቦታ መዳብ አስቆፈረ አይልም።

ቀጥለው በ13ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት ከልደተ ክርስቶስ በፊት ግብፃውያን ነበሩ። ቤኖ ሮተንበርግ የተባሉ የመሬት ቁፋሮ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1969 ከዓምዶቹ ሥር ሲያስቆፍሩ ሐቶር ለተባለች የግብፅ ጣዖት የተሠራ መቅደስ አገኙ። ከዚያም በላይ በገደሉ ፊት ፈርዖን ራምሴስ 3ኛ ለሐቶር መባ ሲያቀርብ ተቀርጿል። ከግብፃውያን በኋላ ምድያማውያን ገብተው የሐቶርን ፊት አጠፉ፤ ስፍራውንም በድንኳን ሸፈኑት። እዚያም ራሱ በወርቅ የተለበጠ ትንሽ የመዳብ እባብ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ ልንጠነቀቅ ይገባናል። ያ እባብ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው ነው አንልም፤ እንዲህ የሚል ማስረጃ የለምና። ነገር ግን ትምህርቱን አንተወውም። ሙሴ የሰቀለው የናስ እባብ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ለፈውስ የተሰጠ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ሕዝቡ ዕጣን ያጥኑለት ስለ ጀመሩ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ለመዳኛ የተሰጠው ነገር ሰጪውን ማስረሻ ሆኖ ነበርና።

ዓለቱማ ለሁሉም አንድ ነበር። አንዱ ከሥሩ መዳብ ፈለገ፤ አንዱ ጣዖት አቆመ፤ የዛሬው ጎብኚ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። በአገራችን በገርዓልታ ያሉ አባቶች ግን ይህንኑ የመሰለ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ ክርስቲያን አደረጉት፤ እስከ ዛሬም ይቀደስበታል። ልዩነቱን ያመጣው ድንጋዩ ሳይሆን የሰዉ ልብ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። እኛ በየሳምንቱ የምንቆመው ከዓለት ሥር ሳይሆን ከመቅደሱ ፊት ነው። ታዲያ እዚያ ቆመን የምንፈልገው ምንድን ነው? መዝሙር ለምስጋና ተሰጠን፤ ስለ ድምፃችን መመስገኛ ካደረግነው ግን ነሑሽታን ሆኖብናል። አገልግሎት ለትሕትና ተሰጠን፤ የሹመት መሻሚያ ካደረግነው እርሱም ነሑሽታን ነው። ነጠላችን ነጭ ሆኖ ልባችን በጓደኛችን ላይ ከጠቆረ፣ የሰሎሞን ስም እንደ ተሰጣቸው ዓለቶች ስም ብቻ ይዘን ቆመናል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከቅንጣቷ አሸዋ እንማር። ብቻዋን የነፋስ መጫወቻ ነበረች፤ ዓለት ያደረጋት ከሌሎች ጋር መያያዟ ነው። እኛንም የሚያያይዘን ፍቅር ነው፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ፍቅርን የፍጻሜ ማሰሪያ አድርጎ ያስተማረን ስለዚህ ነው። በመዘምራኑ መካከል ተኳርፈው ጎን ለጎን የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ በዚያ ስንጥቅ ጎርፍ ይገባል። ስንጥቁ ሳይሰፋ ዛሬውኑ ይታረቁ። ለነገ አይባልም።

በዮሐንስ ራእይ ድል የነሣ ሰው በአምላኩ መቅደስ ዓምድ እንደሚሆንና የአምላክ ስም እንደሚጻፍበት ተስፋ ተሰጥቷል። ይህ ስም ሰዎች በግምት የሚሰጡት ስም አይደለም። የቲምና ዓምዶች በዝናምና በጎርፍ አንድ ቀን ይፈርሳሉ፤ ያ ዓምድ ግን አይፈርስም።

ለዚህ ክብር እንድንበቃ የአምላካችን ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።