ቤቱ የማን ነው?

በአሜሪካ ቤት የገዛ ሰው ከሚፈርምባቸው ብዙ ወረቀቶች መካከል አንዱ ስለ ቤቱ የቀድሞ ባለቤቶች የሚናገር ነው። አብዛኞቻችን ሳናነበው እናልፈዋለን። ሆኖም ይህ ወረቀት አንድ ከባድ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም «አንድን ነገር የእኔ ነው ለማለት የሚያበቃኝ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄውን አጉልታ የምታሳየን በኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የምትገኘው ሲልቨርተን የተባለች የማዕድን ከተማ ናት።

በዚህች ከተማ አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት የእነማን እንደ ነበረ ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ካውንቲው መዝገብ ቤት ይሄዳል። በዚያም ሁለት ዓይነት ማውጫ ያገኛል፤ አንዱ በሻጮች፣ ሌላው በገዢዎች ስም የተዘጋጀ ነው። ፍለጋው ከዛሬው ባለቤት ይጀምራል። እርሱ ከማን እንደ ገዛ ይታያል፤ ያ ሻጭ ደግሞ በተራው ገዢ የነበረበት ውል ይፈለጋል፤ እንዲህ እያለ የትውልድ ሐረግ እንደሚቆጠር ወደ ኋላ ይኬዳል። የሽያጭ ውል በጠፋበት ስፍራ የውርስ ፋይል፣ የመያዣ ብድር ወይም በግብር ዕዳ የተደረገ ሽያጭ ይገኝ ይሆናል። በእ.ኤ.አ. 1893 የብር ዋጋ በወደቀ ጊዜ በኮሎራዶ ብዙ የማዕድን ጉድጓዶች ስለ ተዘጉ፣ በማዕድን ከተሞች የዕዳ ወረቀት ብርቅ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ሐረግ ቤቱን መሸጥ የሚችለው ማን እንደ ነበረ እንጂ በቤቱ ውስጥ ማን እንደ ኖረ አይነግረንም። ከጣሊያንና ከእንግሊዝ አገር ከኮርንዎል መጥተው በማዕድኑ የደከሙት ሰዎች፣ አንዲት ክፍል ለብዙ የተከራዩት ደባሎች፣ ምግባቸውን ያበሰለችላቸውና ልብሳቸውን ያጠበችላቸው ሴት በሽያጭ ውል ውስጥ ስማቸው የለም። እነርሱን የሚሻ ሰው በየ10 ዓመቱ ወደሚደረገው የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ መዞር አለበት። እዚያም ቢሆን የ1890 ቆጠራ መዝገብ በ1921 በዋሽንግተን ከደረሰው የእሳት አደጋ የተነሣ ከጥቂቱ በቀር ጠፍቷል። እንግዲህ ወረቀት ቢመሰክርም ምስክርነቱ የተጠየቀውን ያህል ብቻ ነው።

ወደ ሐረጉ መጀመሪያ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነገር እናገኛለን። ከሽያጭ ውሎች ሁሉ በፊት በእ.ኤ.አ. 1873 የተፈረመው የብሩኖ ስምምነት አለ። ያ ተራራማ አገር የዩት ሕዝብ ምድር ነበር፤ በ1868 የተደረገው ውልም ይህንኑ አጽንቶላቸው ነበር። ማዕድን ፈላጊዎች ግን ውሉን ጥሰው ገቡ። መንግሥት እነርሱን በማስወጣት ፈንታ ምድሩን ከዩቶች ለማስለቀቅ ተደራደረ፤ 3.7 ሚሊዮን ኤከር ያህልም በዓመት 25,000 ዶላር እንዲከፈልበት ተስማምቶ ወሰደ። ሲልቨርተን የተመሠረተችው በማግስቱ ዓመት ነው። ፊርማ አለ፤ ክፍያም አለ። ነገር ግን እንግዳው ከቤቱ ገብቶ አልወጣም ካለ በኋላ የሚፈረም ሽያጭ በፈቃድ የተደረገ ነው ለማለት ማን ይደፍራል?

በዚህ ላይ አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ «ሁሉም ወደ መጀመሪያው ይመለስ ከተባለ በዓለም ላይ የሚጸና ባለቤትነት አይኖርም። ሕግ ለክርክር ማብቂያ ሊያበጅለት ይገባል።» እውነት ነው። በኮሎራዶ ሕግ ባለቤትነትን የሚያመለክት ሰነድ ይዞ 7 ዓመት በቤቱ የቆየና ግብሩን የከፈለ ሰው መብቱ ይጸናለታል። ይህ ባይሆን ኖሮ ጣሪያ የሚያድስ፣ ዛፍ የሚተክል ሰው ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን ሕግ ክርክሩን ዘጋው ማለት ፍትሕ ተፈጸመ ማለት አይደለም።

ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቅ የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ የስንቱ አባት የድካም ፍሬ በአንድ ቀን ከእጁ ወጣ! በዚያው ቤት ደግሞ በቀበሌ ኪራይ የገባ፣ ልጆቹን በዚያ የወለደና ያሳደገ፣ ሌላ መጠጊያም ያልነበረው ድኻ አለ። የሁለቱም ልጆች ዛሬ በስደት ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዱ «የአባቴ ቤት» ሲል ሌላውም «ያደግሁበት ቤት» ይላል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። አንደኛውን እውነት በሌላው ለመሸፈን የሞከርን ጊዜ ግን በደል እንሠራለን።

ታዲያ ሐረጉን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ምን ያድርግ? ቤቱን ጥሎ ይውጣ አልልም። «የእኔ ነው» የሚለውን ቃል ግን በልክ ይናገረው። ይህም ልክ በሥራ ይገለጣል። የብሩኖ ስምምነት ዩቶች በለቀቁት ምድር የማደን መብታቸውን አስጠብቆላቸው ነበር፤ ዘሮቻቸው ያን አንቀጽ ስላልረሱት ዛሬም በመብቱ ይጠቀማሉ። መርሳት ቢሆን ኖሮ መብቱም በሞተ ነበር። ዕዳም እንዲሁ ነው። ነሐሴ 5 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ከሲልቨርተን በላይ ካለው ጎልድ ኪንግ ከተባለው የተተወ ማዕድን፣ በጽዳት ሥራ ላይ ሳሉ፣ 3 ሚሊዮን ጋሎን ያህል የተበከለ ውኃ ፈንድቶ ወጣና የአኒማስን ወንዝ ብርቱካንማ አደረገው። ብሩንና ወርቁን የወሰዱት ባለቤቶች ከሞቱ ቆይተዋል፤ መርዙ የቀረው ግን ከወንዙ ግርጌ ለሚኖሩት ነው።

እንግዲህ ቤት የሚወርስ ሰው ግድግዳውን ብቻ አይወርስም፤ የገነባውን ላብ፣ የተገፋውን ሰው፣ ያልተከፈለውን ዕዳ አብሮ ይቀበላል። ቁልፉን የያዘ ሁሉ ባለቤት ይባላል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩትን የሚያውቅና ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት የሚጠነቀቅ ግን ባለአደራ ነው።