የተደፈነው ቀዳዳ

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ ዛሬ አንድ ጥያቄ አብረን እናስብበት።

ክረምት ነው። አንድ ሰው ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው የሚያፈስ ሚኒባሱን ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጋራዥ ይዞ መጣ እንበል። «ሲሊኮን ቀባ ቀባ አድርግልኝና ቀለም አስነካው፤ ልሸጠው ነው» አለ። ባለሙያው የታዘዘውን ሠራ፤ ሒሳቡንም ተቀበለ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» ማለት ከአላህ ፊት ያድነዋል?

መጀመሪያ ሥራውን እንየው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ባዶ ላሜራን ለዝገት ይዳርጋል። ቀለም አይዝበትም። በአሮጌው ላይ አዲስ ቢደርቡበትም በደንብ አይጣበቅም። ለላሜራ መገጣጠሚያ የሚሻለው፣ ቀለምም የሚቀበለው ፖሊዩሪቴን ነው። እሱም ቢሆን አሮጌው ካልተፋቀ፣ ዝገቱ ካልተጠረገና ቦታው ካልደረቀ አይበረክትም። በዝገት ላይ ሲደፈን እርጥበቱ ከሥር ይቀራል፤ ላሜራው ሳይታይ ይበላል። ገዢው የሚነቃው ዘግይቶ ነው።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ባለቤቱ ዝናብ እንደነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሐዲሱን ሙስሊም ዘግበውታል።

አስተውል! ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መሸፈኑ ነው።

ባለመኪናው ጊዜያዊ መሆኑን አውቆ፣ ለራሱ ክረምቱን እንዲያልፍበት ቢያስደፍን ማንም አልተታለለም። ለሽያጭ ሲሆን ግን ሦስተኛ ሰው አለ። እሱ ጋራዡ ውስጥ የለም፤ ሐቁ ግን እዚያ ነው።

«እኔ እምቢ ብል ጎረቤቴ ይሠራለታል» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ የቤት ኪራይም ይጠብቅሃል። ቢያንስ ግን ምን እንደቀባህና ከሥሩ ዝገት እንዳለ ደረሰኙ ላይ ጻፍ። ይህን የማይቀበል ደንበኛ የሚፈልገው ጥገናህን ሳይሆን ዝምታህን ነው። ዝምታህን አትሽጥለት።

አንተም ደንበኛው! አንዱ ጣሪያውን ገልጦ እውነቱን ነገረህ፤ ዋጋውም ከፍ አለ። ሌላው ሳያይ «በአንድ ቱቦ እጨርስልሃለሁ» አለህ። ሁልጊዜ ወደ ሁለተኛው የምትሄድ ከሆነ ሐቀኛውን እያከሰርከው ነው። ከዚያ «ታማኝ መካኒክ ጠፋ» ብለህ አታማር፤ ካጠፉት አንዱ አንተ ነህ።

ዛሬ ከሶላት በኋላ በሥራህ ወይም በንግድህ ከሌላው ሰው ዓይን የደፈንከው ነገር ካለ አስበው። ባለሐቁ ሳይጎዳ ንገረው።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል ያድርግልን፣ በሥራችንም በረካ ይጨምርልን። አሚን!