የሬጅስትራሩ ዝምታ

መስከረም ሲጠባ ሆሳዕና ውስጥ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ማስታወቂያ ይለብሳል። «ምዝገባ ጀምረናል» ይላል አንዱ፤ «ቦታው ሳይሞላ ይፍጠኑ» ይላል ሌላው። ከጽሑፉ ጎን ጥቁር ጋዋን የለበሰች፣ ቆብ የደፋች፣ ጥርሷን የገለጠች ልጅ አለች። ዱራሜም፣ ሾኔም፣ ሺንሺቾም ብትሄዱ ልጅቷ ያችው ናት። ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩባቸው ዓመታት የተዉብኝ አመል ሆኖ ማስታወቂያ የማነበው እንደ ግጥም ነው፤ ካለው ይልቅ ያላለውን እፈልጋለሁ።

ያላለው ይኸ ነው። ዛሬ ዲግሪ የሚገኘው ሁለት በር ታልፎ ነው። የመጀመሪያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሱ። ያላመጣ ሰው፣ ነጥቡ ከፈቀደለት፣ ሪሚዲያል የሚሉትን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ወስዶ፣ እሱን ሲያልፍ ነው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ያው «ፍሬሽ» የሚባለው። ሁለተኛው በር መጨረሻ ላይ ነው፤ የመውጫ ፈተና። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር ደረጃ ሲሰጥ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ አለፉ፤ ከግሎቹ 17 በመቶ ገደማ። የወደቀ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ውጤቱም ተቋም ከተቋም፣ ዓመት ከዓመት ይለያያል። ይለያያል እንጂ ከምሰሶው ላይ አታገኙትም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከሆሳዕና ወጣ ካለች የገጠር ቀበሌ የመጡ አንድ አባት ይህንኑ ነገር ይዘው ጠየቁኝ። ልጃቸው 50 አላመጣም። የግል ኮሌጁ መጀመሪያ ሪሚዲያል፣ ከዚያ ዲግሪ ብሎታል። የሚከፈለው ከየት እንደሆነ ስጠይቃቸው ቆጠሩልኝ፦ አንድ በሬ፣ ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ፣ የጎደለውን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ያለው ታላቁ ይልካል። «መምህር፣ እርስዎ ቢሆኑ ልጅዎን ያስገቡ ነበር?» አሉኝ።

አብረን ሄደን እንጠይቅ አልኳቸው። የሬጅስትራሯ ልጅ ጨዋ ናት፤ አንቱ ብላ ተቀበለችን፣ ወንበርም አመጣች። የክፍያውን፣ የፎቶውን ብዛት፣ የትራንስክሪፕቱን ኮፒ ሁሉ ዘረዘረች። ባለፈው ዓመት ከዚህ ትምህርት ክፍል ስንቱ ተፈትኖ ስንቱ አለፈ? አልኳት። «እሱን አካዳሚክ ክፍል ነው የሚያውቀው።» አካዳሚክ ክፍል ሄድን፤ ዲኑ ያውቃሉ ተባልን። ዲኑ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከሦስቱ አንዳቸውም የዋሹት ነገር የለም። የማስታወቂያውም ቃል እያንዳንዱ እውነት ነው፤ ፈቃድ አላቸው፣ ክፍል አላቸው፣ ምዝገባም ተጀምሯል። ታዲያ እኒያ አባት ከግቢው ሲወጡ የተታለለ ሰው ፊት ለምን ነበራቸው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ፣ ክርስቶስ ከመወለዱ 44 ዓመት በፊት፣ ስለ ግዴታዎች አንድ መጽሐፍ ለልጁ ጻፈለት። (ልጁ ያኔ አቴና ተልኮ ይማር ነበር፤ ወጪውም በአባት ነው። ጠባዩ አባቱን አያስደስትም ነበር ይባላል።) እዚያ ውስጥ ያለው ነገር ወዲህ ነው፦ ሮድስ የተባለችው ደሴት ተርባለች። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል። ከኋላው ብዙ መርከቦች እህል ጭነው እየመጡ እንደሆነ እሱ ያውቃል፤ ገዢዎቹ አያውቁም። ይንገራቸው? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሁለት ፈላስፎች ይከራከራሉ። ዲዮጀነስ የሚባለው (በርሜል ውስጥ የኖረው አይደለም፣ የባቢሎኑ ነው) ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ከተናገረ ይበቃዋል፤ አለመናገርና መደበቅ አንድ አይደለም ይላል። መምህሩን አንቲጳጥሮስ ይሞግተዋል፤ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ሁሉ ማወቅ አለበት ባይ ነው። ሲሴሮ የሚፈርደው ለተማሪው ነው። ለራስህ ጥቅም ስትል፣ ሌላው ቢያውቀው የሚጠቅመውን ካስቀረህበት፣ ዝም አላልክም፣ ደብቀሃል ነው ነገሩ።

እኔም የምፈርደው ወደዚያው ነው። የኛ ጉዳይ እንዲያውም ከእህሉ ይከፋል። የሮድስ ሰው ውድ ቢገዛም እህሉን ይበላዋል።

ኮሌጅ ያለው አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው ተቆጣ። «መንግሥት የመረጣቸውን ወስዶ የተረፉትን ለኛ ይተዋል፤ ከዚያ አሳለፋችሁ አላሳለፋችሁ ይለናል!» አለኝ። እውነት አለው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የሚመደብለት ተማሪና የማታ ተመዝጋቢው እኩል መነሻ ላይ አልቆሙም። ቀን እየሠራች ማታ የምትማር ነርስ፣ ልጆቿን ጥላ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ የማትችል እናት፣ እነዚህን የተቀበለ የግል ኮሌጅ ነው፤ ያንን በር የሚያንቋሽሽ ሰው አይገባኝም። ግን የወዳጄ ምክንያት ቁጥሩ ለምን ዝቅ እንዳለ ያስረዳል እንጂ ለምን እንደማይነገር አያስረዳም። እንዲያውም ተማሪው ደካማ መነሻ ካለው፣ ከማንም በላይ ማወቅ ያለበት እሱ ነው። የሚገርመው ደግሞ ፍሬሽ ሆኖ ከሚወስዳቸው ኮርሶች አንዱ ሎጂክ፣ አንዱ ሥነ ምግባርና ዜግነት ነው። ከፍሎ ከገባ በኋላ ማስታወቂያው ውስጥ ምን እንደጎደለ ክፍል ውስጥ ያስተምሩታል ማለት ነው።

ዝም ያለው ኮሌጁ ብቻ አይደለም። የተማርን ዘመዶች ስንጠየቅ «በርታ፣ ዋናው ጥረት ነው» ብለን እንሸኛለን። ለምን እንደሆነ ሐዲያና ከምባታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እውነቱን ብንነግረው በሞያሌ ይወጣብናል ብለን ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ ከአንድ መኪና ኮንቴይነር ውስጥ የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጥቷል። ከዚህ መንገድ የሚያስቀር ከሆነ ትንሽ መደበቅ ምን አለበት? ይኼ ከወዳጄ ክርክር ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ ነው፤ ጥቅም ፍለጋ ሳይሆን ፍቅር ያለበት ዝምታ ነውና።

ግን ስሌቱን እስከ መጨረሻው እንሂድበት። ልጁ ዓመታት ተምሮ፣ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ተነስቶ፣ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ቀርቶ ቤቱ ይመለሳል። ደላላው ያኔም እዚያው ሰፈር አለ። ልጁ በዕድሜ ገፍቷል፣ ከአባቱ ዓይን ይሸሻል፣ በሬውም ተሽጧል። ታላቁም «ስንት ላኩ?» ማለት ጀምሯል። ያኔ ከሞያሌ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ዝምታችን መንገዱን ለጥቂት ዓመታት አዘገየው እንጂ አልዘጋውም፤ ያስቀረበት ደግሞ ገንዘቡ ሳያልቅ በፊት ሌላ ነገር የማሰብን ዕድል ነው። ሙያ መማር ይችል ነበር፤ ፈተናውን በግል ደግሞ መውሰድ ይችል ነበር፤ ኮሌጁንም ቢሆን ዓይኑን ከፍቶ መምረጥ ይችል ነበር።

ለእኒያ አባት ያልኳቸው ይህንኑ ነው፣ ቁጥሮቹንም ጨምሬ። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው በየካምፓሱና በየትምህርት ዘርፉ ስለሆነ የሆሳዕናውን፣ የዚያኑ ትምህርት ክፍል ወረቀት እንዲያዩም ነገርኳቸው። ልጁ አጠገባችን ቆሞ ይሰማ ነበር። ከምንም በላይ የቆረጠው እሱ ይመስለኛል፤ ቁጥሩን ሁለቴ አስደገመኝ። በማግስቱ ደወሉልኝ። ባሕር ዛፉን ሸጠው የሪሚዲያሉን ብቻ ከፍለዋል፤ በሬው የሚሸጠው ልጁ ሪሚዲያሉን ካለፈ ነው፤ ይህንንም ያለው ልጁ ራሱ ነው አሉኝ።