የአደን ቡችላ፦ በዘር ወይስ በሥልጠና?

ለወፍ አደን የሚያድግ ቡችላ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንቱ ነው። በዚያ ዕድሜው የቆቅ ሽታ አያውቅም፤ ተኩስ አልሰማም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠራበት ስም እንኳ የለውም። መራጩ ግን ይኼኛው ይሆናል፣ ያኛው አይሆንም ብሎ ይፈርዳል። ፍርዱ ትርጉም የሚኖረው የነገው ሙያ ከወዲሁ ቡችላው ውስጥ ካለ ነው፤ ሙያው ኋላ በሥልጠና የሚመጣ ከሆነ ዓይንን ጨፍኖ አንዱን ማንሳትም ያው ነው። ስለ ሰው ልጅ ሲነሳ የኖረው ክርክር፣ ችሎታ አብሮ ይወለዳል ወይስ በአስተዳደግ ይመጣል የሚለው፣ እዚህም አለ።

ከጥንት መልሶች መካከል የታወቀው በስፓርታው ሕግ አውጪ በሊኩርጎስ ስም የሚነገረውና ከግሪካዊው ጸሐፊ ከፕሉታርክ ሥራዎች ጋር የተላለፈው ታሪክ ነው። ሊኩርጎስ ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ሁለት ቡችሎች ወስዶ አንዱን ቤት ውስጥ በድሎት አኖረው፤ ሌላውን ሜዳ እያወጣ አደን አስለመደው። ሲያድጉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ሳህን ሙሉ ምግብ አስቀምጦ ጥንቸል ለቀቀ። አንዱ ሳህኑ ላይ ተደፋ፤ ሌላው ጥንቸሏን ተከትሎ ሮጠ። ከዚህ ተነስቶ አስተዳደግ ከዘር ይበልጣል ማለት ግን አይቻልም። ወንድማማቾች በመመረጣቸው ዘሩ እኩል ሆኗል፤ እኩል የሆነ ነገር ምን ያህል እንደሚመዝን በዚህ መንገድ አይታወቅም። ሌላ አተራረክ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፦ በዚያኛው ውሾቹ ዘራቸው የተለያየ ነው፤ አደን የለመደው የቤት ውሻው ሲሆን የአዳኙ ዘር ለድሎት ተሰጥቶ ውጤቱ ያው ሆኗል። ይኼኛው ደፈር ያለ ነው፤ ነገር ግን የሚሮጥን ነገር ማሳደድ የውሻ ሁሉ ጠባይ ነው። ሊኩርጎስ ፈተናውን በጥንቸል ሳይሆን በቆቅ ቢያደርገው ኖሮ ታሪኩ እንዲህ አይቀናውም ነበር።

ቆቅ የሚያድን ውሻ ዋና ሥራው አለመሮጥ ነውና። ፖይንተር የሚባለው ዘር የወፍ ሽታ ሲደርሰው ባለበት ይደርቃል፤ አንድ የፊት እግሩን ያነሳል፣ ጅራቱን ይገትራል፣ አዳኙ እስኪደርስ አይነቃነቅም። አርቢዎች የወፍ ክንፍ በሲባጎ አስረው በዘንግ ጫፍ ሣር ላይ ያርገበግቡታል። የሁለት ወር ቡችላ ሁለት ሦስቴ ዘልሎ ሳይዘው ሲቀር ድንገት ቆሞ ሊያፈጥበት ይችላል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ይህ ጠባይ በዘሩ በሌለ ውሻ ላይ በሥልጠና ለማምጣት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። ሆኖም ክንፉ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ቡችላው የሚቆመው በዓይኑ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚፈለገው አፍንጫው ነው። ዛሬ ያልቆመውም ከወራት በኋላ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ፈተናው የዘሩን ጠባይ እንጂ የወንድማማቾቹን ልዩነት አያሳይም። አስተዋይ መራጭ ከቡችሎቹ ይልቅ እናትና አባታቸውን ሥራ ላይ አይቶ ይወስናል።

ዘር ግን ብቻውን አይበቃም። በ1961 በአሜሪካ፣ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር ከተማ በተደረገ ጥናት ያለ ሰው ንክኪ ያደጉ ቡችሎች በተለያየ ዕድሜያቸው ከሰው ጋር እንዲገናኙ ተደርጓል፤ እስከ 14ኛው ሳምንት የቆዩት ሰውን እንደ ፈሩ ቀሩ። እንዲህ ያለ ውሻ ዘሩ የቱንም ያህል ቢመረጥ ለአደን አይበጅም። ተኩስ የሚፈሩ ውሾችም ብዙዎቹ በችኮላ የተበላሹ ናቸው፤ የመጀመሪያውን ድምፅ በርቀትና ቀስ በቀስ መስማት ሲገባቸው ጆሯቸው ሥር ተተኩሶባቸዋል።

ጥያቄውን እስከ ጥግ የወሰደው የእስልምና ሕግ ነው። በቁርኣን አል-ማኢዳህ ምዕራፍ 4ኛ አንቀጽ የሠለጠነ አዳኝ እንስሳ ለባለቤቱ የያዘው ተፈቅዷል፤ ያልሠለጠነ ውሻ የገደለው ግን በክት ነው። የሥጋው ሐላልነት በውሻው ትምህርት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ለዚህም ሊቃውንቱ ምልክት አበጅተዋል፤ ውሻው ሲላክ ይሄዳል፣ ሲጠራ ይመለሳል፣ ከያዘውም አይበላም። ከበላ ያደነው ለራሱ ነው ይላሉ አብዛኞቹ፤ ከእስልምና የሕግ ፈለጎች አንዱ የሆነው የማሊኪ ሊቃውንት ግን መብላቱን እንደ እንቅፋት አይቆጥሩትም። በሌላው የሕግ ፈለግ፣ በሐነፊዎች ዘንድ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተነስቷል። ብዙ ጊዜ ሳይበላ ያደነ ውሻ አንድ ቀን ቢበላ፣ ቀድሞ የያዘውና ገና ያልተበላው ሥጋ ምን ይሆናል? ፈለጉ በስማቸው የሚጠራው አቡ ሐኒፋ ሐራም ነው ብለዋል፤ የሙያ ሥሩ አይረሳምና ውሻው ከመጀመሪያውም አልተማረም ነበር። ሁለቱ ደቀ መዛሙርታቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ሙያ ሊረሳ ይችላል፣ የቀደመው ሥጋ ሐላል ነው ብለው ከመምህራቸው ተለይተዋል።